ያልመጣውን ልጅ ማን ቆጠረው?
(ስለ ትምህርት ቤት ቦታ አመራረጣችን)

በሀገራችን አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት መወለዱን የምንሰማው የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ ነው። ድንኳን ይተከላል፤ ባለሥልጣኑ ይመጣል፤ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ ማታ በዜና ስንት የመማሪያ ክፍል እንደሚኖረውና ስንት ሚሊዮን ብር እንደተመደበለት ይነገረናል። «ለምን እዚህ ቦታ ላይ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ዜናው አይመልስም፤ የሚጠይቀውም የለም። ቦታው እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ይመስል፣ ሁላችንም ተቀብለን እናጨበጭባለን።

ስለ ሥርዓተ ትምህርት፣ ስለ ማስተማሪያ ቋንቋ፣ ስለ ብሔራዊ ፈተና ውጤት ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ ስንከራከር ኖረናል። ክርክሩ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ማን ይማራል፣ ማንስ ሳይማር ይቀራል የሚለውን ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው ሕንፃው የሚቆምበት ቦታ ነው። ይህ ጸሐፊ የሚከራከረው አንድ ነገር ነው፤ የቦታው ምርጫ በጽሑፍ በተቀመጠና ለሕዝብ በተገለጠ መስፈርት እስካልተከናወነ ድረስ፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ድምፁ ወደሚሰማው ሰው ደጅ ነው። ድምፁ የማይሰማው ሰው ልጅ ደግሞ ከብት ይጠብቃል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማሪው ወደ ትምህርቱ፣ ከትምህርቱ ወደ ተማሪው

በቀደመው ሥርዓታችን ተነሥቶ የሚሄደው ትምህርት ፈላጊው ነበር። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ወላጆቹን ተሰናብቶ ዜማ ወዳለበት፣ ቅኔ ወዳለበት፣ የመጻሕፍት መምህር ወዳለበት ደብርና ገዳም ይጓዛል። ከመንገዱ ርዝመት፣ ከመንደሩ ውሻ፣ ከረኃቡና ከበሽታው የተረፈው ሊቅ ይሆናል። ሥርዓቱ ታላላቅ ሊቃውንትን አፍርቷልና ክብሩን የሚነሣው የለም። ነገር ግን ጥቂቶችን አንጥሮ ለማውጣት የተዘረጋ እንጂ የአንድን ሀገር ልጆች ሁሉ ለማስተማር የታሰበ አልነበረም።

ዘመናዊው ትምህርት ሲገባም መጀመሪያ የተቀመጠው በመዲናዋ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908፣ የተፈሪ መኮንን በ1925፣ የእቴጌ መነን በ1931 ሲከፈቱ ሦስቱም አዲስ አበባ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት መንገድን፣ መንገድ ደግሞ አስተዳደርን እየተከተለ ሄደ። ትምህርት ለማን ይዳረስ የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እሳት እንደሆነ ለማወቅ የ1966ን የካቲት ማስታወስ ይበቃል። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት፣ መሠረታዊ ትምህርትን ለገጠሩ አዳርሳለሁ ሲል የድኻውን ልጅ ከከፍተኛ ትምህርት ሊዘጋበት ነው ተብሎ ስለተፈራ፣ መምህራን ሥራ አቁመው አደባባይ ከወጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ሆኗል። ትምህርት የት ድረስ ይድረስ የሚለው ጉዳይ ዙፋን ካነቃነቁት ጥያቄዎች ጋር የተሰለፈ ነው ማለት ነው።

ዛሬ የምንተዳደርበት ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን ቃል ከወረቀት ወደ መሬት ስናወርደው ጥያቄው ግልጽ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ከደጁ ላይ የሆነለት ልጅና ሁለት ሰዓት በእግሩ የሚጓዝ ልጅ፣ ሁለቱም «መብት አላቸው» ሲባል እኩል ሆኑ ማለት ነውን? የቆሎ ተማሪው ዘመን አልፏል ካልን፣ የመጓዙ ግዴታ ከልጁ ትከሻ ወርዶ በመንግሥት ትከሻ ላይ መዋል ነበረበት።

ርቀት በምን ይለካል?

ርቀት ልጅን ከትምህርት ቤት እንደሚያስቀር ማንም እናት ታውቀዋለች። ቢሆንም በሚገባ የተለካ ማስረጃ አለና እናንሣው። ዳና በርድና ሊ ሊንደን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በአፍጋኒስታን ጎር ክፍለ ሀገር 31 መንደሮችን ተከታትለዋል። ከመንደሮቹ ከፊሎቹ በዕጣ ተለይተው ትምህርት ቤት ቀድሞ ተከፈተላቸው። ውጤቱ የሚያስደንቅ ነበር። ትምህርት ቤቱ ወደ መንደሩ ሲመጣ የወንዶቹ ተሳትፎ በ35፣ የሴቶቹ ደግሞ በ52 የመቶኛ ነጥብ ጨመረ፤ በወንዶችና በሴቶች መካከል የነበረው የተሳትፎ ልዩነትም ተዘጋ። በዚያ ወግ አጥባቂ ኅብረተሰብ ውስጥ «ሴት ልጅ አትማርም» ይባል የነበረው አባባል፣ በአብዛኛው «ሴት ልጅ ያን ያህል መንገድ አትሄድም» ማለት ኖሯል።

ሕግ አውጪዎችም ይህን ተገንዝበዋል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣችውን የትምህርት መብት ሕግ ለማስፈጸም በ2010 በተደነገገው ደንብ ከ1ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ትምህርት ቤት በ1 ኪሎ ሜትር፣ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ላሉት በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንዲገኝ ተወስኗል። ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ደንብ የአንድ ትምህርት ቤት ክልል እስከ 3 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ደንግጋለች። ደንቡ ሁልጊዜ ተፈጽሟል ማለቴ አይደለም፤ ዜጋው ግን መንግሥቱን የሚከስስበት ቁጥር በእጁ አለው።

የኛ መልክዐ ምድር ደግሞ በኪሎ ሜትር ብቻ አይገዛም። በካርታ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚመስለው ቦታ በጃማ ወይም በተከዜ ተፋሰስ ገደል ወርዶ ገደል መውጣት ሊሆን ይችላል። የትምህርት ዘመናችን የሚጀምረው መስከረም ላይ፣ ወንዞች ገና ሳይጎድሉ ነው። በጥር ወር ድንጋይ እየረገጠ የሚሻገረውን ጅረት የሰባት ዓመት ልጅ በመስከረም ሊሻገረው አይችልም። የመጀመሪያውን ወር ያመለጠው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓመቱን በሙሉ ያመልጠዋል። ስለዚህ ርቀት በደቂቃ፣ በሕፃን እግር፣ በመስከረም ወር ይለካ። ባለ ኮምፓሱ ባለሙያ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚያሰምረው ክብ ገደሉንና ወንዙን አያውቃቸውም።

የሚቆጠረው የመጣው ነው

ትምህርት ቤት የት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ በቅድሚያ ልጆች የት እንዳሉ ማወቅ ግድ ይላል። ይህችን ሀገር ሦስት ጊዜ ብቻ ቆጥረናታል፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999። በመጨረሻው ቆጠራ ወደ 74 ሚሊዮን፣ አዲስ አበባም ወደ 2.7 ሚሊዮን ሕዝብ እንዳላቸው ታወቀ። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ሲገፋ ቆይቶ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባቸው እንደገና አስተላለፉት፤ ከዚያም ወዲህ ሳይካሄድ ዓመታት አለፉ። በ1999 የተወለደው ሕፃን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚሆንበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። እኛ ግን ለእሱ ታናናሾች ትምህርት ቤት የምናቅደው እሱ በተወለደበት ዓመት በተገኘው ቁጥር ላይ ትንበያ እየጨመርን ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል ስንት ሰው ከገጠር ወደ ከተማ እንደፈለሰ፣ ስንቱ በግጭት እንደተፈናቀለ፣ ስንት አዲስ ከተማ እንደበቀለ እናውቃለን፤ ትንበያው ግን ይህን ሁሉ አያውቅም።

«የትምህርት ስታትስቲክስ በየዓመቱ ይወጣ የለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ መረጃ ይሰበስባል፤ ያሳትማልም። ነገር ግን መረጃው ከየት እንደሚነሣ እናስተውል። ቅጹን የሚሞላው ርእሰ መምህሩ ነው፤ የሚሞላውም ስለተመዘገቡት ተማሪዎች ነው። የመጣው ይቆጠራል፤ ያልመጣው በማንም መዝገብ ላይ የለም። ትምህርት ቤት የሌለው ጎጥ ርእሰ መምህር የለውም፤ ርእሰ መምህር ስለሌለውም ቅጽ የሚሞላለት የለም። ማለትም መረጃው በጣም የሚያስፈልገን ቦታ ላይ ዝም ይላል። ጥቅል የተሳትፎ ምጣኔ የምንለው ቁጥር በአንዳንድ አካባቢ ከመቶ በላይ ሲሆን የምናየውም ዕድሜያቸው ያለፈ ተማሪዎች አብረው ስለሚቆጠሩና ለማካፈያ የምንጠቀምበት የሕዝብ ብዛት ያረጀ ግምት ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር ይዞ «እዚህ ሁሉም ልጅ ተምሯል» ማለት ራስን ማታለል ነው።

የኢንስፔክሽን ሥርዓታችንም እንዲሁ ነው። ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባል። ይህ የሚደነቅ ሥራ ነው፤ የሚመዝነው ግን የቆመውን ትምህርት ቤት ነው። ሊቆም ሲገባው ያልቆመውን የሚመዝን ኢንስፔክተር የለንም።

ሁለት ትክክል መልስ ያለው ሒሳብ

የቦታ ምርጫ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ እንደሆነ አድርገው የሚያዩት ብዙዎች ናቸው። እስቲ በትንሽ ሒሳብ እንፈትነው።

እንበልና አንድ ቀበሌ ሦስት ጎጦች አሉት። በመኪና መንገዱ ዳር ባለው በመጀመሪያው ጎጥ 200፣ ከእሱ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በሁለተኛው 80፣ ከሁለተኛው ደግሞ ሌላ 3 ኪሎ ሜትር አልፎ ባለው በሦስተኛው ጎጥ 40 ለትምህርት የደረሱ ልጆች አሉ። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ትምህርት ቤት ነው። በመጀመሪያው ጎጥ ቢሠራ 200 ልጆች በደጃቸው ይማራሉ፤ 80ዎቹ 3፣ 40ዎቹ 6 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። የሁሉም የአንድ ጊዜ ጉዞ ሲደመር 480 ኪሎ ሜትር፣ ለአንድ ልጅ ሲካፈል በአማካይ 1.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሁለተኛው ጎጥ ቢሠራ ድምሩ 720፣ አማካዩም 2.25 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ነገር ግን ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ አንድም ልጅ አይኖርም።

የትኛው ነው ትክክል? የጠቅላላው ሕዝብ ድካም ይቀንስ ካልን የመጀመሪያው ነው። ማንም ልጅ ከአቅሙ በላይ አይሂድ ካልን ሁለተኛው ነው። ሒሳቡ ሁለቱንም በትክክል ይነግረናል፤ ከሁለቱ መምረጥ ግን ሥራው አይደለም። ያ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ የፍትሕ ጥያቄ ደግሞ በዝግ ቢሮ ውስጥ ሊቋጭ አይገባውም። ጥያቄው በግልጽ ሲቀርብ ሦስተኛ መልስም ይገኛል። የተሟላው ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ጎጥ ይሠራ፤ በሦስተኛው ጎጥ ደግሞ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ብቻ የሚያስተምር አነስተኛ ትምህርት ቤት ይከፈትና በጉድኝት ከዋናው ጋር ይተሳሰር። ወጪው ይጨምራል፤ ነገር ግን ታናናሾቹ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ አይጓዙም፤ ጉልበታቸው ሲጠና ወደ ዋናው ይሻገራሉ። ይህን መልስ የሚያገኘው አማራጮቹን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያነጻጸረ ብቻ ነው።

በተግባር ግን እንዴት ይመረጣል?

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ነውና በተግባር ቦታውን የሚጎትቱትን ኃይሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው የአዋቂዎች ምቾት ነው። የቀበሌው ማእከል መንገድ አለው፤ ሲሚንቶ የጫነው መኪና ይደርስበታል፤ መምህሩ ቤት ይከራይበታል፤ ሱፐርቫይዘሩ በጊዜ ደርሶ ይመለስበታል፤ እንግዳ ሲመጣም ሕንፃው ከመንገድ ይታያል። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ ጤና ኬላው፣ የገበሬ ማሠልጠኛው ሁሉ እዚያው ተሰብስበዋልና ትምህርት ቤቱም ይጨመርላቸዋል። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም ክፋት የለበትም። ነገር ግን አንዱም ስለ ልጁ አይናገርም።

ሁለተኛው መሬት ነው። የገበሬውን ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም መውሰድ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ካሳ ይጠይቃል፤ ወረዳው ደግሞ ካሳ የሚከፍልበት ገንዘብ ያጥረዋል። ስለዚህ ዐይኑ ወደ ወል ግጦሽ መሬት ያማትራል። የወል መሬት ለወል የተተወው ብዙ ጊዜ ለእርሻ ስለማይሆን ነው፤ ክረምት ውኃ የሚተኛበት ረግረግ ወይም በጋ የሚሰነጠቅ ዋልካ አፈር ይሆናል። ግድግዳው በተሠራ በጥቂት ዓመት ሲሰነጠቅ ተቋራጩን እንወቅሳለን፤ የተሳሳተው ግን ቦታው ሲመረጥ ነበር።

ሦስተኛው መዋጮ ነው። ሕዝባችን ለትምህርት ቤት ድንጋይ ተሸክሟል፤ ግንድ ቆርጧል፤ ከጎተራው እህል ሸጦ አዋጥቷል። ይህ ክብር የሚገባው ታሪክ ነው። ቢሆንም «መጀመሪያ ያዋጣ መጀመሪያ ይሠራለታል» የሚለው አሠራር በተዘዋዋሪ ምርት የተሳካለትን ቀበሌ ያስቀድማል፤ ዝናብ የቀረበትን ያስከትላል። ላለው ይጨመርለታል እንዲሉ፣ የመንግሥት ገንዘብ ልዩነትን ማጥበብ ሲገባው ያሰፋዋል።

አራተኛው ለጋሹ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖረው ወገናችን ገንዘብ አሰባስቦ በተወለደበት መንደር ትምህርት ቤት ያሠራል፤ ግብረ ሠናይ ድርጅቱ ፕሮጀክቱ ባለበት ወረዳ ይሠራል፤ የቀዳማዊት እመቤት ጽሕፈት ቤትም በልዩ ልዩ ክልሎች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አስገንብቷል። ለሠራ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ሕንፃው በስጦታ ቢመጣም መምህሩን ለዘለዓለም የሚቀጥረው የሕዝብ በጀት ነው። ስለዚህ «ይህ ቦታ ከሌሎቹ ሁሉ የተመረጠው በምን መስፈርት ነው?» ብሎ መጠየቅ ውለታ ቢስነት አይደለም፤ የዜግነት ግዴታ ነው።

«የአካባቢው ሰው ራሱ ያውቀዋል፤ ከላይ የሚመጣ መስፈርት ምን ያደርግለታል?» የሚል ሙግት ይቀርባል። ሙግቱ ክብደት አለው። የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር እንደሚሞላ የሚያውቀው የወንዙ ዳር ሰው እንጂ የሚኒስቴሩ ባለሙያ አይደለም። ነገር ግን በቀበሌው ስብሰባ ላይ የሚገኘው ማን ነው? ከወንዝ ማዶ ያለችው፣ አምስት ልጆች ያሏት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ስብሰባው ላይ አትገኝም፤ ብትገኝም የመናገር ተራ አይደርሳትም። የተጻፈ መስፈርት እሷ በሌለችበት ስለ እሷ ይናገራል። ቅን የሆነውን ሹምም ይጠብቀዋል፤ ዘመዱ መጥቶ «ለኛ ሠፈር አድርገው» ሲለው «ነጥቡ አልደረሰም» የሚል መልስ ይኖረዋል።

እንዲህ ያለው አሠራር ሕልም አይደለም። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ61,000 በላይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስትሠራ ለየአካባቢው የሚደርሰው ቁጥር በአንድ ቀላል ደንብ ተወስኖ ነበር፤ ብዙ ያልተመዘገቡ ልጆች ያሉበት አካባቢ ብዙ ትምህርት ቤት ያገኛል። በኋላ የኖቤል ሽልማት የተካፈለችው ኤስቴር ዱፍሎ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው ጥናት የዚያ ዘመን ልጆች የበለጠ እንደተማሩና ካደጉም በኋላ የበለጠ ደመወዝ እንዳገኙ አሳይታለች። ልብ በሉ፤ ደንቡ የተመሠረተው ባልመጡት ልጆች ቁጥር ላይ ነው። በወቅቱ ኢንዶኔዥያን የሚገዛው መንግሥት ዲሞክራሲያዊ አልነበረም፤ ደንቡ ግን ደንብ ነበር።

ስንቅ ተሸክማ የምትማረው ልጅ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎቻችን ብዙዎቹ 9ኛ ክፍል ሲገቡ በወረዳው ከተማ ቤት ተከራይተው ነው የተማሩት። የ15 ዓመት ልጅ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄዳ፣ እሑድ የሳምንት እንጀራዋንና በሶዋን ተሸክማ ትመለሳለች። የቤት ኪራዩ ከቤተሰቡ በግ ይሸጥበታል። አባት ለወንዱ ልጅ ይጨክናል፤ ለሴቷ ግን «ሰው ቢተናኮላትስ?» ይላል። ሥጋቱም መሠረት አለው። እንዲህ ሆኖ ትምህርቱ ከ8ኛ ክፍል ላይ ይቆምና ጋብቻው ይፋጠናል። ይህችን ልጅ ያስቀራት የሒሳብ ትምህርት ክብደት አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ ቦታ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃን 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አድርጎታል። የትኛው የቀድሞ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት 7ኛና 8ኛን ይዞ ይቀጥላል፣ የትኛውስ በ6ኛ ይቆማል የሚለው ውሳኔ ታዲያ የቦታ ውሳኔ ነው። ሥርዓተ ትምህርት ተቀየረ ብለን ስናወራ የአንዲት ልጅ መንገድ በእጥፍ ሊረዝም ወይም በግማሽ ሊያጥር ይችላል።

«መጀመሪያ ያሉትን ትምህርት ቤቶች እናሻሽል» የሚሉም አሉ። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲታይ ይህን ማለት አያስገርምም። በየጎጡ የተበተነ ትንንሽ ትምህርት ቤትም ብቃት ያለው መምህር ማግኘት ይቸግረዋል። ሆኖም ጥራትና ቅርበት ባላንጣዎች አይደሉም። ሦስት ሰዓት ተጉዞ፣ ርቦት፣ አርፍዶ ክፍል የገባ ልጅ የትኛውም ምርጥ መምህር ፊት ቢቀመጥ ያንቀላፋል። ታናናሾቹን በቅርብ፣ ታላላቆቹን በመጠኑ ራቅ አድርጎ በተሟላ ትምህርት ቤት ማስተማር የሁለቱም መልስ ነው።

ቤቱ ቀድሞ፣ ትምህርት ቤቱ ተከትሎ

ይህን የገጠር ጣጣ ብቻ አድርጎ የሚያነብ የከተማ አንባቢ ካለ ዙሪያውን ይመልከት። በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬን የመሳሰሉ ግዙፍ ሠፈሮች ተሠርተዋል። ሕዝቡ ቀድሞ ገብቶ ትምህርት ቤቱ ዘግይቶ የደረሰባቸው ሠፈሮች ጥቂት አይደሉም። ክፍተቱን የሞላው በኪራይ ቪላ ውስጥ የተከፈተው የግል ትምህርት ቤት ነው፤ አቅም የሌለው ወላጅ ደግሞ ልጁን በንጋት ታክሲ ሰልፍ ላይ አቆመው።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ከፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምክንያት የተነሡ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ሁለቱም የተከናወኑት ትምህርት ላይ በተቀመጡባቸው ወራት ነው። በአንዳንድ አዳዲስ መንደሮች ትምህርት ቤት ከቤቱ ጋር አብሮ መታሰቡ የሚመሰገን ነው፤ መመስገኑ ራሱ ግን እንደ ደንብ ሳይሆን እንደ ችሮታ መታየቱን ያሳያል። ደግሞም መሃል ከተማው ነዋሪው ሲቀንስ በዚያ ያሉት አንጋፋ ትምህርት ቤቶች ግቢ ምን ይሆናል? የሊዝ ዋጋው የሚያጓጓ መሬት ላይ የተቀመጡ ናቸውና ከወዲሁ ብንጠይቅ ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

በሰሜኑ ክፍል ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት የፈረሱት ትምህርት ቤቶች መልሶ ግንባታም እንዲሁ ነው። ተቃጥሎ የነበረውን እዚያው ቦታ ላይ መልሶ ማቆም ቀላሉ መንገድ ነው። ነገር ግን ቦታው ከመጀመሪያው ትክክል ነበርን? ልጆቹስ ዛሬ እዚያ ናቸው ወይስ ተፈናቅለው ሌላ ስፍራ? ዕዳ ሆኖ የመጣ ዕድል ነውና ስሕተትን ደግመን በአዲስ ብሎኬት አንገንባው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ሀገር አቀፉን ቆጠራ እየጠበቅን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ይገባሉ፤ የቤተሰብ ማኅደርም ይይዛሉ። በየጎጡ ስንት ልጅ እንዳለና ስንቱ እንደማይማር ከእነሱ መዝገብና ከቀበሌው ጋር በማመሳከር በአንድ የበጋ ወቅት ማወቅ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ክልል መስፈርቱንና ለእያንዳንዱ መስፈርት የሚሰጠውን ነጥብ ጽፎ ያውጣ። ትልቁን ነጥብ የሚይዘው ከታወቀ የእግር ጉዞ ጊዜ በላይ ርቀው ያሉ ልጆች ቁጥር ይሁን፤ ከዚያ በኋላ የሴቶች ተሳትፎ፣ የወንዝና የገደል አደጋ፣ የአፈሩ ሁኔታ፣ የውኃ መገኘት፣ ለማስፋፊያ የሚበቃ መሬትና ሕጋዊ የይዞታ ማረጋገጫ ይከተሉ። የሕዝብ መዋጮ ነጥብ አይሰጠው።

ሦስተኛ፣ ቢያንስ ሦስት ዕጩ ቦታዎች ይቅረቡ፤ የተመረጠው ለምን እንደተመረጠ፣ የወደቁት ለምን እንደወደቁ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከመሠረት ድንጋዩ በፊት ለ30 ቀናት በወረዳው ሰሌዳ፣ በገበያና በቤተ እምነት ደጃፍ ይለጠፍ። ቅሬታ የሚሰማ አካልም ይሰየም።

አራተኛ፣ ለጋሽ ሁሉ፣ ባለሥልጣንም ሆነ ዳያስፖራ፣ ቦታ የሚመርጠው ከዚሁ ዝርዝር ላይ ይሁን።

አምስተኛ፣ ዕቅዱ በወረዳ ወሰን ላይ አይቁም። ከወሰን ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ለልጁ የሚቀርበው ከሆነ ሁለቱ ወረዳዎች ተስማምተው ያስተናግዱት፤ የማስተማሪያ ቋንቋው ከተለየም በግልጽ ይመካከሩበት። ልጁ የአስተዳደር ካርታ ይዞ አይሄድም።

ስድስተኛ፣ ትምህርት ቤቱ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት «ይመጣሉ ተብለው የታሰቡት ስንት ነበሩ፤ የመጡትስ ስንት ናቸው፤ ከየትኛው ጎጥ ማን ቀረ?» የሚል አጭር ሪፖርት ይውጣ። ከዚያ ውጭ ከስሕተታችን የምንማርበት መንገድ የለም።

ውድ አንባቢ፣ ከእነዚህ ስድስት ነገሮች አንዱም የውጭ ብድር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሥልጣን ላይ ያለው ሰው ከሚሰጠው ስጦታ ላይ የመምረጥ ነፃነቱን ቀንሶ ለደንብ እንዲሰጥ ነው። ለዚህም ነው ከሲሚንቶና ከብረት ይልቅ ለማግኘት የሚከብደው። የመሠረት ድንጋይ ላይ የመራቂው ስምና ቀኑ ይቀረጻል። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ድንጋይ ፊት ስንቆም፣ በላዩ ያልተቀረጸውን እንጠይቅ፤ ይህ ትምህርት ቤት የተሠራው ለስንት ያልመጡ ልጆች ነው?

ቸር ይግጠመን!